እርስ በርስ የሚገፋፉ ቅንጣቶች እንዴት በረድፍ ይቆማሉ?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ «በፕላዝማ ውስጥ የገባ አቧራ ራሱን በራሱ አደራጅቶ እንደ ክሪስታል ይሰለፋል ሲባል ሰምቻለሁ። ቅንጣቶቹ ሁሉም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ ናቸውም ተብሏል። ተመሳሳይ ሙል ይገፋፋል ተብለን ከተማርን ታዲያ ምን ስቦ ያሰባስባቸዋል? ደግሞስ ይህ ነገር ሕይወት መሰል ነው የሚባለው እውነትነት አለው?»

ፕላዝማ ማለት ከአቶሞቹ አንዳንዶቹ ኤሌክትሮን አጥተው አዮን፣ ማለትም ሙል ያለው አቶም፣ የሆኑበት ጋዝ ነው። ጥያቄው የነገሩን ዋና ቋጠሮ ስለያዘ እኔም ከቋጠሮው ልጀምር። የሚስባቸው ነገር የለም፤ የሚሰለፉት በመገፋፋታቸው ምክንያት ነው። የገበታ ጨው የሚጸናው አዎንታዊው የሶዲየም አዮንና አሉታዊው የክሎሪን አዮን ስለሚሳሳቡ በመሆኑ፣ ሥርዓት ያለው አሰላለፍ ባየን ቁጥር ከበስተኋላው የሚያጣብቅ ኃይል አለ ብለን ማሰብ ለምደናል። በአቧራማ ፕላዝማ ውስጥ ግን ያለው መገፋፋት፣ ከዚያም ቅንጣቶቹ ሸሽተው እንዳያመልጡ የሚከለክል አጥር፣ በመጨረሻም እንቅስቃሴያቸውን የሚያበርድ ጋዝ ነው። «የሚስባቸው የለም» ያልኩትን ግን ወደ ኋላ ላይ በከፊል አርመዋለሁ፤ እርማቱ የጉዳዩ በጣም አስገራሚ ክፍል ስለሆነ ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ቦታውን እንየው። በየቤቱና በየቢሮው ያለው ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት በውስጡ ፕላዝማ አለው፤ የላቦራቶሪው ዕቃም በመሠረቱ የዚያ ዘመድ ነው። አየሩ ተመጥጦ የወጣለት የብረት ክፍል ውስጥ ጥቂት የአርጎን ጋዝ ይለቀቃል። ግፊቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ፓስካል እስከ 200 ፓስካል ድረስ ነው፤ የምንተነፍሰው አየር ግፊት 100,000 ፓስካል ያህል መሆኑን ልብ ይሏል። በክፍሉ ውስጥ ባሉ ሁለት ትይዩ የብረት ሰሌዳዎች፣ ማለትም ኤሌክትሮዶች፣ መካከል በ13.56 ሜጋኸርትዝ የሚዋልል ቮልቴጅ ሲሰጥ ከአርጎን አቶሞች ጥቂቶቹ ኤሌክትሮናቸውን ያጣሉ፤ ጋዙም ሐምራዊ ብርሃን ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። ቀላሎቹ ኤሌክትሮኖች ከ20,000 እስከ 30,000 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ሲራወጡ፣ ከባዶቹ አዮኖችና ገና ያልተነኩት የጋዙ አቶሞች ግን ከክፍሉ ግድግዳ ብዙም ያልራቀ ሙቀት ይኖራቸዋል። በአንድ ዕቃ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የሙቀት መጠኖች ጎን ለጎን ይኖራሉ ማለት ነው።

በዚህ ውስጥ ዲያሜትሩ 7 ማይክሮ ሜትር የሆነ ክብ የፕላስቲክ ቅንጣት እንጣል። ብዙ ጊዜ የምንጠቀመው ሜላሚን ፎርማልዴሃይድ ከተባለ፣ ለሳህንና ለጠረጴዛ ገጽ መሥሪያ ከሚያገለግል ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራውን ነው። ቅንጣቱ የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ኤሌክትሮኖች ከአዮኖች ከሺህ እጥፍ በላይ ስለሚፈጥኑ መጀመሪያ ቅንጣቱ ላይ የሚያርፉት እነርሱ ናቸው። እያረፉ ሲሄዱ ቅንጣቱ አሉታዊ እየሆነ የሚቀጥሉትን ኤሌክትሮኖች መግፋት፣ አዮኖችን ደግሞ መጥራት ይጀምራል። ከሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ የሚመጡት ኤሌክትሮኖችና አዮኖች ቁጥር እኩል ይሆንና የቅንጣቱ ሙል ይረጋጋል፤ በዚያን ጊዜ ቅንጣቱ 10,000 ያህል ትርፍ ኤሌክትሮኖች ተሸክሟል። ለአንድ አቶም አንድ ወይም ሁለት ሙል ብዙ ነው በሚባልበት ዓለም ይህ እጅግ ትልቅ ቁጥር ነው። ቀሪው ታሪክ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይመነጫል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ቅንጣቱ ለምን መሬት ላይ አይወድቅም የሚለውን በስሌት ማየት ይቻላል። 7 ማይክሮ ሜትር ያለው የሜላሚን ቅንጣት 2.7 × 10⁻¹³ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ማለትም አንድ ኪሎ ለመሙላት ወደ አራት ትሪሊዮን የሚጠጉ ቅንጣቶች ያስፈልጋሉ። ይህን ክብደት በ10,000 ኤሌክትሮን ሙል ለመሸከም የሚያስፈልገው ኤሌክትሪካዊ መስክ በሴንቲ ሜትር 17 ቮልት ገደማ ነው። ከታችኛው ኤሌክትሮድ በላይ ባለው፣ ኤሌክትሮኖች በሚያንሱበት ስስ የጠርዝ ንብርብር ውስጥ ደግሞ ይህን የሚያህልና ከዚህም የሚበልጥ መስክ በቀላሉ ይገኛል። መስኩ ወደ ኤሌክትሮዱ በተጠጉ ቁጥር ስለሚበረታ፣ ቅንጣቱ ዝቅ ሲል ወደ ላይ ይገፋል፤ ከፍ ሲል ክብደቱ ይመልሰዋል። ስለዚህ ልክ በስፕሪንግ ላይ እንደተቀመጠ ኳስ አንድ ከፍታ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። በጎን በኩል እንዳያመልጥ ኤሌክትሮዱ ላይ ዝቅ ያለ የብረት ቀለበት ይደረጋል፤ እላይ አጥር ያልኩት ይህ ነው። ሁሉም ቅንጣቶች እኩል መጠን ካላቸው ሁሉም አንድ ከፍታ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ መጠናቸው የተለያየ ከሆነ ግን ትልልቆቹ ዝቅ፣ ትናንሾቹ ከፍ ብለው ይለያያሉ። ለዚህ ነው እኩል ሆነው የተሠሩ ቅንጣቶችን የምንገዛው። ከመንገድ የተወሰደ አቧራ ይህን ያማረ ንጣፍ አይሠራም።

አሁን ወደ መገፋፋቱ። በመካከላቸው 250 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመት ሩብ የሚያህል ርቀት ያላቸውን ሁለት ቅንጣቶች እንውሰድ። እያንዳንዳቸው 10,000 ኤሌክትሮን ከያዙ የመገፋፋት ኢነርጂያቸው 576 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ያለ ኢነርጂ የሚለካበት ትንሽ መለኪያ) ይሆናል። በክፍል ሙቀት ያለ ቅንጣት ከሙቀት የሚያገኘው የመንቀጥቀጥ ኢነርጂ ደግሞ 0.026 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ሁለቱን ብናካፍል 22,000 እናገኛለን። እርግጥ ነው፣ በዙሪያቸው ያለው የፕላዝማ አዮን ደመና ሙላቸውን በከፊል ስለሚከልለው ትክክለኛው መጠን ከዚህ ብዙ ጊዜ ያንሳል፤ ቢያንስም ግን በሺዎች የሚቆጠር ሆኖ ይቀራል። የፊዚክስ ሰዎች ይህን ጥምርታ በግሪኩ ፊደል ጋማ ይጠሩታል። ያለ ከለላ የሚገፋፉ ቅንጣቶች ስብስብ ከፈሳሽነት ወደ ክሪስታልነት የሚሻገረው ጋማ ወደ 170 ሲደርስ ነው። ከ1 በታች ከሆነ ስብስቡ እንደ ጋዝ ይሆናል፤ በመካከል እንደ ፈሳሽ። ለተራ ፕላዝማ ጋማን ከ1 በላይ ማድረስ እጅግ ከባድ ሲሆን አቧራ ሲገባበት ግን ሺዎችን ያለ ጭንቅ ይደርሳል፤ ምክንያቱም ጋማ በሙል ካሬ ያድጋል፣ የ10,000 ካሬ ደግሞ 100 ሚሊዮን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፤ ፕላዝማው ሃያ ሺህ ዲግሪ ከሆነ ቅንጣቶቹ እንዴት በክፍል ሙቀት ይቀራሉ? መልሱ ከጋዙ ጋር ያላቸው ግጭት ነው። ያልተነኩት የአርጎን አቶሞች ከኤሌክትሮኖቹ እጅግ ብዙ በመሆናቸው ቅንጣቱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየተጋጩ ያቀዘቅዙታል፤ በማር ውስጥ እንደተንቀሳቀሰ ማንኪያ ሳይሆን በስስ አየር ውስጥ እንደምትወርድ ላባ፣ ለዘብ ባለ ሁኔታ። ከልክ ያለፈ ሰበቃ እንቅስቃሴን ያፍናል፣ ያነሰ ደግሞ ያለ ቁጥጥር ያራውጣቸዋል። ለሙከራ አድራጊው የግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ የማቀዝቀዣ ቁልፍም ነው።

ይህን ሁሉ በዓይን ማየት ይቻላል፤ ብዙዎቻችንን ወደዚህ ዘርፍ የሳበንም እርሱ ነው። ሌዘሩ በሌንስ ተዘርግቶ እንደ ወረቀት የሳሳ የብርሃን ንጣፍ ሆኖ በጎን ይገባል፤ በላይኛው መስኮት ደግሞ ካሜራ ይቀመጣል። ቅንጣቶቹ ያሉት ከሥሯ ወንፊት በተገጠመላት፣ የጨው መነስነሻ በምትመስል ትንሽ ዕቃ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ቀን ስሠራ በጣት መታ መታ ማድረግ ሲበቃ አጥብቄ ነቀነቅኋትና ብዙ ቅንጣት በአንድ ጊዜ ወረደ። ሁለት ሁለት ሆነው የተጣበቁት ከሌሎቹ ስለሚከብዱ ከንጣፉ በታች ሰፍረው ላይኛውን እያመሱ አስቸገሩኝ። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ የፕላዝማውን ኃይል ለአፍታ ዝቅ ሲያደርጉት ከባዶቹ መጀመሪያ ይወድቃሉ። ከዚያ በኋላ ማያ ገጹ ላይ መጀመሪያ የሚታየው እንደ መንጋ የሚተራመስ የነጠብጣብ ክምችት ነው። ጥቂት ሰከንዶች ይጠብቁ፤ ነጠብጣቦቹ ይዘገያሉ፣ ከዚያ አንድ ጥግ ላይ ረድፍ ይታያል፣ ረድፉ ይስፋፋል፣ በመጨረሻም ንጣፉ በሙሉ የማር እንጀራ ይመስላል።

የስድስት ጎን ቅርጽ ለምን እንደሚመጣ ሰባት እኩል ሳንቲሞችን ጠረጴዛ ላይ አድርገው ማየት ይችላሉ። አንዱን መሐል ቢያስቀምጡ በዙሪያው ሳይተርፍና ሳይጎድል ስድስት ይሰፍራሉ። ቅንጣቶቹ እንደ ሳንቲሞቹ አይነካኩም፤ ነገር ግን እያንዳንዱ በተወሰነ ቦታ ውስጥ ከጎረቤቶቹ ሁሉ በተቻለ መጠን ለመራቅ ሲታገል ውጤቱ ይኸው ይሆናል፤ አንዱ ወደ ግራ ቢጠጋ የግራው ጎረቤት ይገፋዋል፣ ወደ ቀኝ ቢጠጋ የቀኙ። ሁሉም ማንንም ሳይጠጋ የሚቆምበት ብቸኛው ቦታ መሐሉ ነው። የአጥሩ ቅርጽ ግን ክብ ነው፤ ክብ አጥርና ስድስት ጎን ድርድር ደግሞ አይገጥሙም። ስለዚህ ወደ ጠርዙ አካባቢ ስድስት ሊኖረው የሚገባው ቅንጣት አምስት ጎረቤት፣ አጠገቡ ያለው ሰባት ጎረቤት ይዘው ጥንድ ጉድለት ይፈጠራል። ቅንጣቶቹ ጥቂት ከሆኑ ይህ ግብግብ ገሃድ ይወጣል። አምስት ቅንጣቶች ቀለበት ይሠራሉ፤ ስድስተኛው ሲጨመር ግን የስድስት ቀለበት አይሆንም፣ አንዱ መሐል ገብቶ አምስቱ ይከቡታል፤ ሰባት ሲሆኑ አንድ በስድስት ይከበባል፤ ዘጠኝ ሲሆኑ ደግሞ ሁለት መሐል፣ ሰባት ዙሪያ። ከአቶም የኤሌክትሮን ንብርብሮች ጋር መመሳሰሉን ብዙዎች ያነሳሉ፤ ምክንያታቸው ፈጽሞ የተለያየ ስለሆነ ግን ንጽጽሩን ብዙም አልወደውም።

የነገሩ ታሪክ አጭር ነው። ኢኬዚ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 እንዲህ ያለ ክሪስታል ሊፈጠር እንደሚችል በስሌት አሳየ፤ በ1994 በጋርሺንግ፣ ጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም እነ ቶማስና ሞርፊል፣ በታይዋን እነ ቹና ሊን፣ በጃፓን ኪዮቶ ደግሞ ሃያሺና ታቺባና፣ ሦስት ቡድኖች ማለት ነው፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሙከራ አገኙት። የጀርመኑ ቡድን ቅንጣቶች እላይ በምሳሌነት የተጠቀምኩባቸው ዓይነት 7 ማይክሮ ሜትር ያላቸው ሜላሚኖች ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ አቧራ በፕላዝማ ውስጥ መንሳፈፉን በሚገባ የሚያውቁት የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪዎች ነበሩ፤ ለእነርሱ ግን ክሪስታል ሳይሆን ምርት የሚያበላሽ ቆሻሻ ነበር።

አሁን የገባሁትን ቃል ልጠብቅ። የመጀመሪያዎቹን የበርካታ ንብርብር ክሪስታሎች በጎን በኩል የተመለከቱ ሰዎች አንድ የማይገባ ነገር አዩ፤ ከላይኛው ንብርብር ያለ ቅንጣት ሥር፣ ልክ በቀጥታ ከታቹ፣ የታችኛው ንብርብር ቅንጣት ተቀምጧል። መገፋፋት ብቻ ቢሆን የታችኛው በላይኞቹ መካከል ባለው ክፍተት ሥር መቀመጥ ነበረበት፤ በገበያ ላይ ብርቱካን ሲደረደር እንደሚሆነው። ምክንያቱ የአዮኖች ፍሰት ነው። በጠርዙ ንብርብር ውስጥ አዎንታዊዎቹ አዮኖች በሰከንድ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት ወደ ታችኛው ኤሌክትሮድ ይወርዳሉ። አሉታዊው ቅንጣት አጠገቡ ሲያልፉ ጎዳናቸውን ያጎብጠዋል፣ አዮኖቹም ከበስተታቹ አንድ ቦታ ላይ ይሰባሰባሉ፤ በወንዝ ውስጥ ከቆመ ድንጋይ በስተታች እንደሚፈጠረው የውኃ ክምችት ማለት ነው። ይህ የአዎንታዊ ሙል ክምችት የታችኛውን ቅንጣት ይስባል። ስለዚህ መሳሳብ አለ፤ ነገር ግን ከመካከለኛ ነገር፣ ከፍሰት የተበደረ መሳሳብ ነው።

ይህ መሳሳብ አንድ ያልተለመደ ጠባይ አለው። ላይኛው ታችኛውን ይስባል፤ ታችኛው ግን ላይኛውን አይስበውም፣ እንዲያውም ይገፋዋል፤ አዮኖቹ ወደ ላይ አይፈሱምና። ታችኛውን በሌዘር ግፊት ወደ ጎን ቢያንቀሳቅሱት ላይኛው አይከተለውም፤ ላይኛውን ቢያንቀሳቅሱት ታችኛው እንደ ተጎታች ይከተለዋል። የኒውተን ሦስተኛ ሕግ የተጣሰ ይመስላል፤ የጎደለው ግብረ መልስ ግን በሚፈሱት አዮኖች ላይ አለ፣ እኛ የምናየው ቅንጣቶቹን ብቻ ስለሆነ ነው። ይህ አለመመጣጠን ከፍሰቱ ኢነርጂ እየቀዳ ወደ ቅንጣቶቹ ያስገባል። ጋዙ በቂ ሲሆን ሰበቃው ይህን ይውጠዋል። ግፊቱን እየቀነሱ ሲሄዱ ግን ሰበቃው ያንሳል፣ ክሪስታሉም መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ መጀመሪያ ደሴት መሰል ቁርጥራጮች ተለያይተው ይንሳፈፋሉ፣ በመካከላቸው ጅረት ይፈሳል፣ በመጨረሻም ሁሉም ይቀልጣል። ማንም እሳት ሳያነድ፣ ጋዙን በማሳነስ ብቻ።

የመሬት ስበት ቅንጣቶቹን በዚህ የጠርዝ ንብርብር ውስጥ ብቻ እንዲንሳፈፉ የሚያስገድድበትን ጫና ለማስወገድ ሙከራው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሄደው በ2001 ነበር፤ የጀርመንና የሩሲያ የጋራ ሥራ የሆነው መሣሪያ ፒኬኢ-ኔፌዶቭ ይባላል። በዚያ ያለ ክብደት በሆነ ሁኔታ ቅንጣቶቹ ፕላዝማውን በሙሉ ሊሞሉ ቢችሉም መሐሉ ላይ ባዶ ቦታ ተከፈተ፤ ከመሐል ወደ ውጭ የሚፈሱት አዮኖች ቅንጣቶቹን ጠርገው ስለሚያወጡ ነው። በባዶው ዙሪያ ግን ሙሉ በሙሉ ሦስት ልኬት ያለው ክሪስታል፣ ብረታ ብረቶች ከሚጋሯቸው የአደራደር ዓይነቶች ጋር አንድ የሆነ፣ ታየ። በምድር ላይም ቢሆን መላ አይጠፋም፤ በ2004 በኪል ዩኒቨርሲቲ እነ አርፕ ታችኛውን ኤሌክትሮድ አሙቀው ከሥር የሚነሳውን የሙቀት ግፊት ክብደቱን እንዲሸከም በማድረግ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ኳስ መሰል ክሪስታል ሠሩ። 190 ቅንጣቶች ያሉት አንዱ ኳስ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነበረው፤ ከመሐል ወደ ውጭ 2፣ 21፣ 60 እና 107 ቅንጣት።

ፊዚክስ ይህን ሁሉ የሚወደው በአንድ ምክንያት ነው፤ የቅንጣቶቹ ሩጫ ቀርፋፋ ነው። በብረት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 5,000 ሜትር ያህል ሲጓዝ በዚህ ክሪስታል ውስጥ ግን በሰከንድ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ የሚሳብ ጉንዳን ከሞላ ጎደል ይደርስበታል። በብረት ውስጥ አንድ ጉድለት ሲንሸራተት የትኛው አቶም ወዴት እንደሄደ ማየት ቀላል አይደለም፤ እዚህ ግን በተራ ፈጣን ካሜራ እያንዳንዱን «አቶም» በስሙ እየጠራን ልንከተለው እንችላለን።

የጥያቄው ሁለተኛ ክፍል በ2007 ከወጣ ጥናት የመነጨ ነው። ጽቶቪች፣ ሞርፊልና ባልደረቦቻቸው በኮምፒውተር ስሌት የአቧራ ቅንጣቶች እንደ ጠመዝማዛ መሰላል ተጠቅልለው ሊጸኑ እንደሚችሉ፣ ጠመዝማዛዎቹም ሊከፈሉና ቅርጻቸውን ሊያስተላልፉ እንደሚችሉ አሳዩ፤ «ሕይወት ያለው ኢ-ኦርጋኒክ ቁስ» ወደሚመስል አነጋገርም አዘነበሉ። ጋዜጦች ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ሠሩበት። እንደ እኔ ግምት ጠመዝማዛው አሰላለፍ ራሱ የሚጠበቅ ነው፤ ረጅም ጠባብ አጥር ውስጥ የሚገፋፉ ነገሮች መጀመሪያ ቀጥ ያለ ሰንሰለት፣ ሲጣበቡ ዝግዛግ፣ ከዚያ ጠመዝማዛ ይሆናሉ፣ በላቦራቶሪ ውስጥም በመስታወት ሣጥን ታይተዋል። መጠምዘዝ ግን መውረስ አይደለም፤ እስካሁንም በሙከራ የታየ፣ ራሱን እየገለበጠ በምርጫ የሚሻሻል የአቧራ ጠመዝማዛ የለም። ማንኛውም ተማሪ የሚያውቀው አንድ ነገርም አለ፤ ሙከራው ሲያልቅ የኃይል ማብሪያውን እናጠፋለን፣ ሐምራዊው ብርሃን ይጠፋል፣ ማያ ገጹም ላይ ያ የማር እንጀራ በዓይን ቅጽበት ውስጥ ወደ ታችኛው ኤሌክትሮድ ይወርዳል። በሚቀጥለው ቀን ክፍሉን ከፍተን በእርጥብ ጨርቅ የምንጠርገው ስስ ነጭ ብናኝ እርሱ ነው።